ሬዲዮ ያዳመጠችበት ጠዋት

ልጅቷን ትምህርት ቤቱ በሙሉ የሚያውቃት «ሬዲዮ» በሚል ስም ነበር። ስሙን ያወጡላት የእናቷ ደንበኞች ናቸው። እናቷ የሴቶች ፀጉር ቤት ነበራት፤ ሬዲዮም እግር ካወጣችበት ጊዜ ጀምሮ የዋለችው እዚያው፣ በፀጉር ማድረቂያው ካስክ ጩኸትና በሻምፑ ሽታ መሃል፣ የሰፈሩን ወሬ ከምንጩ እየቀዳች ነው። መቅዳቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ማን ከማን ተኳረፈ፣ የማን ልጅ ፈተና ወደቀ፣ ማን ከማን ጋር ሲኒማ ታየ፤ አንዷ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተነፈሰችውን ሌላዋ ፀጉሯ ሳይደርቅ ትሰማው ነበር። አንዳንዶቹ ሴቶች እንዲያውም በር ላይ ቆመው «ልጅሽ አለች?» ብለው ይጠይቁና አለች ሲባሉ «በቃ በኋላ እመለሳለሁ» ብለው እብስ ይላሉ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ሲስተር ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ሲስተር ዕድሜያቸውን በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ያሳለፉ፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ ሲቆጡ እንኳ ጉንጫቸው ፈገግ ማለቱን የማይተው ሴት ናቸው። የመጡት ተማሪዎችን ከወዲሁ ለዚህ ሙያ ሊያሠለጥኑ ነው። ሰልፍ ላይ ቆመው «ጭንቀት እንቅልፍ የነሳው፣ ሐዘን ያጎበጠው፣ ሱስ አልለቅ ያለው ሰው በየቤቱ አለ። የሚያክመው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ከእናንተ መሃል ነገ ነርስ፣ ሐኪም፣ አማካሪ መሆን የሚፈልግ ካለ ዛሬ ከእኔ ጋር ይጀምር» አሉ። ሬዲዮ ከዚህ ሁሉ ጆሮዋ የገባው ቀጥሎ የመጣው ነው፤ «ሥራችን በአብዛኛው ከሰው ጋር መነጋገር ነው።»

ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ሰማሽ? ወሬ ሥራ ሆነ እኮ!»

ጓደኛዋ ሚጢጢ ትባላለች። ሚጢጢ ያሏት በየበሩ ጎንበስ እያለች የምታልፍ ዘንካታ ስለሆነች ነው። «አንቺማ ሳትማሪ ተመርቀሻል» አለቻት፤ ሁለቱም እየተሳሳቁ ተመዘገቡ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ግን ለሬዲዮ ዱብ ዕዳ ሆነባት። ሲስተር ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይጽፉ «ከሁሉ በፊት የምትማሩት ዝም ማለትን ነው» አሉ። «ሰው ሲያወራ አታቋርጡም። ምክር ለመስጠት አትጣደፉም። የነገራችሁን ከክፍሉ አታወጡም። ራሱን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ነገር ከሰማችሁ ግን ወዲያው ለእኔ ትነግራላችሁ። እናንተ ገና ተማሪዎች ናችሁ፤ ብቻችሁን ማንንም አታክሙም።»

ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲለማመዱ አደረጓቸው። አንዱ ችግሩን ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል። ሚጢጢ ፊቷን አሳዝና «ውሻዬ ጠፋብኝ» ብላ ጀመረች። ሬዲዮ ከንፈሯን ነከሰች። የወንበሯን ጠርዝ ጨበጠች። ሚጢጢ «ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላልሽ አለኝ» ስትል ግን ግድቡ ተናደ።

«ቡናማው ውሻ ነው? ጅራቱ አጭር የሆነው? እሱማ ሥጋ ቤቱ በር ላይ አየሁት! ሥጋ ቆራጩ እኮ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ሚስትየዋ ደግሞ እናቴ ጋ መጥታ ምን አለች መሰለሽ...»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሲስተርም ጉንጫቸውን እንደምንም ሰብስበው «ልጄ፣ ታካሚሽ ውሻ ጠፍቷት መጥታ የሥጋ ቆራጩን ትዳር ተሸክማ ልትሄድ ነው» አሏት።

ሬዲዮ እልህ ያዛት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡን መለማመጃ አደረገችው። አባቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ገብቶ አንድ ጊዜ ፉት አለና «ይሄ ሻይ ቀዝቅዟል» አለ።

ሬዲዮ ወንበሯን አስጠጋች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ድምጿን አለስልሳ «ሻዩን ቀዝቅዞ ስታገኘው ምን ተሰማህ?» አለችው።

«ቅዝቃዜ።»

«ቅዝቃዜ ተሰማህ።»

«አዎ።»

«እሺ... ሌላስ?»

አባቷ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ፣ ይህቺ ልጅ ግንባሯን ዳሰስ አድርገሻታል?»

እናቷም አልዳነች። «ሽንኩርት አቀብዪኝ» ስትላት ሬዲዮ «ሽንኩርት ያስፈልግሻል ማለት ነው፤ በትክክል ተረድቼሻለሁ?» ስለምትላት፣ ሽንኩርቱን ራሷ ተነስታ ማምጣት ለመደች። ይሁንና ነገሩ ቀልድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። አንድ ቀን አባትና ልጅ ደጃፍ ተቀምጠው ሳሉ ሬዲዮ ምንም ሳትጠይቅ ዝም አለች፤ አባቷም ሳይጠየቅ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መሰላል ላይ ሲወጣ ጉልበቱ እንደሚንቀጠቀጥ ነገራት። ለእናቷ እንኳ አልነገራትም ነበር። ሬዲዮ ምስጢሩ ሆዷ ውስጥ እንደ ጥንቸል ሲዘልባት ሰነበተ። ለማንም ግን አልተነፈሰችም። አባቷ በራሱ ጊዜ ለሚስቱ ሲናገር ሰማችና፣ ጓዳ ገብታ በደስታ ብቻዋን ጨፈረች።

በዚህ መሃል የሥልጠናው ፈተና ቀን ደረሰ። ሲስተር ከቴአትር ቤት አንድ ተዋናይ ለምነው ነበር። ተዋናዩ እንቅልፍ ያጣ ባለጸጋ ነጋዴ መስሎ ይመጣል፤ ተማሪዎቹ ተራ በተራ ከመጻሕፍት ቤቱ ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ያነጋግሩታል። የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ሬዲዮ ናት። እንዳጋጣሚ በዚያው ጠዋት ደግሞ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። ሥልጠናው ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ብሎ የሚወስነው እሱ ነው። ዳይሬክተሩ ከፍርሃታቸው የተነሳ ቢሯቸውን ሁለቴ አስጠርገው፣ የአበባ ማስቀመጫውን ከዚህ ወደዚያ ሲያዟዙሩ አረፈዱ። ለዘበኛውም ትእዛዝ ሰጡ፤ «ሁለት እንግዶች ይመጣሉ። አንዱ ትልቅ ባለሥልጣን ነው፣ ወደ እኔ አምጣው። ሌላው ጭንቀት ያለበት ታካሚ ነው፣ እሱን ወደ ትንሿ ክፍል።»

ዘበኛው ትእዛዝ አክባሪ ሰው ነው። መጀመሪያ የመጣው ተዋናዩ ነበር። ነጋዴ ለመምሰል ሲል ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ግጥም አድርጓል፤ ጫማው ፊት ያሳያል፤ መነጽሩ የወርቅ ቅብ ነው። ዘበኛው ገና ሲያየው ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠና «በዚህ በኩል፣ ጌታዬ» ብሎ ዳይሬክተሩ ቢሮ አስገባው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተቆጣጣሪው ከአውቶቡስ ወረደ። ሹራቡ ተጨማዷል፣ ጢሙ አልተላጨም፣ ቦርሳው አልዘጋ ብሎት በብብቱ አቅፎታል፤ ፊቱም የከፋው ሰው ፊት ነበር። ዘበኛው ክንዱን ደገፍ አድርጎ «አይዞዎት አባቴ፣ ሁሉም ያልፋል» እያለ ትንሿ ክፍል አስገብቶ አስቀመጠው።

ሲስተር ሬዲዮን በር ላይ «ገብተሽ ጀምሪ፣ ተከትዬሽ እመጣለሁ» አሏት። ሊከተሏት አንድ እግራቸውን ሲያነሱ ጸሐፊዋ እያለከለከች ደረሰች፤ «ሲስተር፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ ቶሎ ይምጡ! እንግዳው እያለቀሱ ነው!»

ሬዲዮ ይህን ሁሉ አላየችም። በሩን ገፍታ ገባች፤ ሰውየውን አየችና በሆዷ «አቤት! እንዴት ያለ ተዋናይ ነው! ሹራቡን እንኳ ሆነ ብሎ አጨማዶት» ብላ ተደነቀች። ተቀመጠችና የተማረችውን ተናገረች፤ «እንኳን ደህና መጡ። እዚህ የምንነጋገረው እዚሁ ይቀራል። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ከእኔ አቅም በላይ የሆነ ነገር ካለ አስተማሪዬ አሉ። ምን እንዳመጣዎት ይንገሩኝ።»

«ያመጣኝ ሥልጠናውን ማየት ነው» አለ ሰውየው ኮስተር ብሎ።

ሲስተር አስጠንቅቀዋቸው ነበር፤ ሰው ችግሩን በአንዴ አያወጣም፣ ለሌላ ጉዳይ የመጣ መስሎ ይጀምራል። ሬዲዮ በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራት። «ሥልጠናውን ለማየት ነው የመጡት» ብላ ብቻ ዝም አለች።

ሰውየው አያት። ይህቺን ልጅ ሥራቸውን እንድታሳየኝ ነው የላኩልኝ ብሎ አሰበ። «ደግ፤ እንግዲያው የተማርሽውን አሳዪኝ። እኔ ታካሚ ነኝ እንበል።»

«እሺ።»

«እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል እንበል።»

«እንቅልፍ እምቢ ብሎዎታል።»

«አዎ። ጡረታ ልወጣ ተቃርቤያለሁ እንበል። ሥራ ቦታ አንድ ወጣት አለ፤ የእኔን ጠረጴዛ እኔ እያለሁ በሜትር ይለካል።» ሰውየው ቦርሳውን ከጭኑ ላይ አወረደ። «ሰላም ሲለኝ ዓይኑ ወንበሬ ላይ ነው።»

ሬዲዮ «እንበል» የምትለዋ ቃል መቅረቷን ልብ አለች። ደርዘን ጥያቄ አፏ ውስጥ ተጋፋ፤ ወጣቱ ማን ነው፣ ያገባ ነው፣ ጠረጴዛው ስንት መሳቢያ አለው። ምራቋን ዋጠች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታው እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ሬዲዮ የእግሮቿን ጣቶች ጫማዋ ውስጥ አጣጥፋ ያዘች።

«ለባለቤቴ አልነገርኳትም» አለ ሰውየው በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀኑ መቅረቡን አታውቅም። እሷ ቤቱን እንደ ሰዓት ነው የምታስኬደው፤ እኔ በምን በኩል እገባለሁ? ቦርሳ የማይዝ ባል ምን ይሠራል? ሳልነግራት ልለማመድ ብዬ ባለፈው ቅዳሜ መናፈሻ ሄጄ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ጡረተኛ።»

«እንዴት ነበር?»

«እርግብ ባርኔጣዬ ላይ አራችብኝ።»

ሬዲዮ ከንፈሯን ነከሰች።

«ሌላ ወንበር ቀየርኩ» አለ ሰውየው። «ተከትላኝ መጣች።»

ሬዲዮ ጉንጯን ነፋች፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰውየው ይህን ሲያይ መጀመሪያ ጢሙ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ትከሻው፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፈነዱ። ሰውየው ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። «እርግቧ እኮ...» ብሎ ይጀምርና መጨረስ ያቅተዋል። ሲሰክንለት ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና «ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም» አለ።

«ለማን ማውራት የሚችሉ ይመስልዎታል?» አለች ሬዲዮ።

ቆይቶ «ለእሷ ነዋ» አለ። «ለእሷ ነው መንገር ያለብኝ።» ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ስለ እርግቧም ጭምር።»

ሬዲዮ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ከወንበሯ ተነስታ አጨበጨበች። «ጋሼ፣ ሲያስደንቁ! እንባው እንኳ እውነተኛ ነው የሚመስለው! ትወና የት ነው የተማሩት?»

«የምን ትወና?» አለ ሰውየው።

«እርስዎ... ከቴአትር ቤት የመጡት አይደሉም?»

«እኔ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»

ሬዲዮ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። በዚሁ ቅጽበት ከኮሪደሩ እሪታ ተሰማ፤ ሁለቱም ተያይተው ወጡ።

ለእሪታው ያበቃው ጉድ ይህ ነው። ተዋናዩ ዳይሬክተሩ ቢሮ እንደገባ፣ ተፈታኙ ተማሪ እሳቸው ይሆናሉ ብሎ አስቧል፤ «ሽማግሌም ያሠለጥናሉ እንዴ?» ብሎ ትንሽ ገረመው እንጂ ሥራውን አልተወም። ዳይሬክተሩ «ክቡርነትዎ፣ ስለ ሥልጠናው ላስረዳዎት» ሲሉት እሱ ግንባሩን ይዞ «ሀብት ምን ይሠራልኛል? እንቅልፍ የለኝም!» ብሎ አለቀሰ። ዳይሬክተሩ ባለሥልጣኑን ያስለቀሰው የትምህርት ቤቱ ሁኔታ መሰላቸው። መጸዳጃ ቤቱን አሠራለሁ አሉ፤ አለቀሰ። ግድግዳውን አስቀባለሁ አሉ፤ መጋረጃው ላይ ተጠምጥሞ ባሰበት። በመጨረሻ የራሳቸው ሆድ ባሰና «እኔም እኮ አልተኛም፣ ጌታዬ! ከተሾምኩ ጀምሮ እህል አይወርድልኝም!» ብለው አብረውት ማልቀስ ጀመሩ። ሲስተር ሲደርሱ ሁለቱ ሰዎች አንድ መጋረጃ ተካፍለው እንባቸውን ሲጠርጉ አገኟቸው።

«ይሄ እኮ ተዋናዩ ነው!» አሉ ሲስተር።

«ታዲያ ተቆጣጣሪው የት ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ ወደ ኮሪደሩ ዘለው ወጥተው፤ ያ እሪታ የእሳቸው ነበር።

«እዚህ ነኝ» አለ ሰውየው ከሬዲዮ ጎን።

ዳይሬክተሩ የተጨማደደውን ሹራብ አዩ፣ ቀጥሎ ሬዲዮን፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከመላው ትምህርት ቤት ይህቺ! «ምን... ምንድን ነው ያወራችው? ምን አለችዎት? ጌታዬ፣ ልጅ ናት፣ ይቅር ይበሏት! አንቺ፣ ምን ነበር የምታወሩት?»

ተማሪዎቹ ከየክፍሉ ግልብጥ ብለው ወጥተው ከብበዋቸዋል። ሚጢጢ ከሁሉም በላይ በቁመቷ ብቅ ብላ «ንገሪን! ንገሪን!» በሚል ዓይን ታያታለች። ሬዲዮ የሰውየውን ፊት አየች፤ ጢሙ ቀጥ ብሏል። የእርግቧ ታሪክ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ፣ እንዲህ ያለ አድማጭ፣ በዕድሜዋ አግኝታ አታውቅም።

«የተነጋገርነው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የቀረው» አለች።

ዳይሬክተሩ በድንጋጤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሚጢጢም «ኧረ በሕግ!» አለች። ሰውየው ግን ትንሽ ቆይቶ ቀስ እያለ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ እያደገ ሄዶ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ተዋናዩም ለምን እንደሚሳቅ ሳያውቅ ሳቀ፤ ዘበኛውም ከሩቅ ሆኖ «እየተሻላቸው ነው» አለ። ሲስተር ሬዲዮን ወደ ጎን ሳብ አደረጓት። መጀመሪያ «እኔ ሳልኖር እውነተኛ ሰው ጋ መግባትሽ...» ብለው በቁጣ ጀመሩ፤ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ትዝ ሲላቸው ጭንቅላቷን አቅፈው ሳሟት። ከዚያም የሚያሰጋ ነገር ሰምታ እንደሆነ ብቻ ጠየቋት። «የለም» አለች። ሌላ አልጠየቋትም።

ከሰዓት በኋላ ትክክለኛውን ፈተና ከተዋናዩ ጋር ተቀመጠች። እሱም «እንቅልፍ የለኝም...» ብሎ ጀመረ፤ ገና ከማለቱ ዳይሬክተሩና መጋረጃው በዓይኑ መጡበት መሰለኝ፣ ራሱ ቀድሞ ሳቀ። ሬዲዮም ተከተለችው። ሲስተር «ታካሚው ላይ ስቃለች» ብለው ያለ ርኅራኄ ጣሏትና ለሌላ ቀን ቀጠሯት። ሬዲዮ ምንም አልመሰላትም። ሰፈር ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበርና፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች በሙሉ ጭንቅላታቸውን ከካስክ አውጥተው ጠበቋት።

«እህሳ? ሰውየው ምን አለሽ?» አለች እናቷ።

«ደህና ነበር» አለች ሬዲዮ፤ ፎጣ ማጠፍ ጀመረች።

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ፣ ሬዲዮ ስትኖር ቤቱን የማትረግጠው፣ ለካ ልጅቷ ሳትመጣ ገብታ ኖሯል፤ ትንሽ አሰበችና ወደ ልጅቷ ጠጋ ብላ፣ «የእኔ እናት፣ እስኪ ፀጉሬን አንቺ እጠቢልኝ። አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» አለቻት። ሬዲዮ የምትነግራትን ከመስማቷ በፊት «ከእኔ አቅም በላይ ከሆነ ሲስተር አሉ» ብላ አስጠነቀቀቻት፤ ከዚያ ውሃውን ከፈተች።

ሥልጠናው አልተዘጋም። ተቆጣጣሪው በሌላ ሳምንት ራሱ መጥቶ ይቀጥላል ብሎ ተናገረ፤ ቀይ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ፈጣን ረጅም ሴት አብራው መጥታ ነበር። «ባለቤቴ ናት» አለ። እሷም ሲስተርን ጨብጣ «ይሄ ሰውዬ ጡረታ ሲወጣ ቤት ታስቀምጠኛለች ብሎ ሲሰጋ ከርሟል አሉ። እኔ ቤት ማን ያስቀምጠዋል? ሥራ ፈልጉለት» አለች።

ሲስተር አሰብ አድርገው «ተዋናያችን ዋና ሚና አግኝቶ ሊለየን ነው። ታካሚ የሚሆንልን ሰው የለንም» አሉ።

ሰውየው ጡረታ በወጣ ማግስት ሥራ ጀመረ። ተማሪዎቹ ሁሉ ተሰብስበዋል። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፣ ሹራቡ ተተኩሷል። ሬዲዮ ድጋሚ ፈተናዋን ለመውሰድ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሲስተር «ተማሪዎች፣ የዛሬዋ ታካሚ የመሰናዶ ፈተና ያስጨነቃት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ናት። መሳቅ ክልክል ነው» ብለው አስታወቁ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ራሰ በራውን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ የሌለ ፀጉሩን ከግንባሩ ላይ በጣቱ ገለል አደረገና፣ በቀጭን ድምፅ «እማዬ ሚኒ ቀሚሴን ደበቀችብኝ!» ብሎ ምርር ብሎ አለቀሰ።

ሬዲዮ ጣቶቿን ጫማዋ ውስጥ አጣጠፈች፤ አንገቷን ዘንበል አደረገች። «ቀሚስሽን ደበቀችብሽ» አለች፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ።

ከኋላ በሩ ሲጥ ሲል ተሰማ። ሲስተር ሳቃቸውን በመሐረብ አፍነው፣ እየተንገዳገዱ ወደ ኮሪደሩ እየወጡ ነበር።